የኢትዮጵያና የኬንያ የውጭ ኢንቨስትመንት ፍሰት ንጽጽር፦ ከጎንደር አንጻር
ኢትዮጵያ በቀጥተኛ የውጭ ኢንቨስትመንት ፍሰት ኬንያን የበለጠችው ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ 730 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስትቀበል የኢትዮጵያ 220 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ2016 የኢትዮጵያ ወደ 4 ቢሊዮን ሲያሻቅብ የኬንያ ከ1 ቢሊዮን በታች ሆኗል። ዓመታዊው አኃዝ ግን በጥቂት ግዙፍ ውሎች ይዋዥቃል፤ በ2021 በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለኢትዮጵያ የቴሌኮም ፈቃድ ያቀረበው 850 ሚሊዮን ዶላር ብቻውን፣ ኬንያ በ2007 በጠቅላላው ካገኘችው ይበልጣል።

ድምሩ ገንዘቡ የት እንዳረፈም አያሳይም። በጎንደር የተመሠረተው ዳሸን ቢራ እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙን ዱዌት ግሩፕ በባለድርሻነት ተቀበለ። ሆኖም አዲሱ ሰፊ ፋብሪካ የተተከለው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ደብረ ብርሃን ነው፤ ጎንደር ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በብሔራዊው መዝገብ ይህ ልዩነት አይታይም። የደባርቅና የዳባት ደጋ ገብስ አምራች ከፍሰቱ ምን እንዳገኘ ለማወቅ የቢራና የብቅል ፋብሪካዎች የገብስ ግዢ በወረዳ ተለይቶ መጠናት ይኖርበታል።