የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልን ከሙቀት ስለ መጠበቅ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አስመጪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ክፍሎች ሁሉ ውዱ ባትሪው መሆኑና የባትሪውም ዋና ጠላት ሙቀት መሆኑ ነው።

አዲስ አበባ ደጋ ስለ ሆነች ሙቀቱ እምብዛም አያሠጋም። ዕቃው የሚያልፍበት አገር ግን ቆላ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ባትሪው ጢም ብሎ እንደ ተሞላ በእንዲህ ያለ ሐሩር ለብዙ ጊዜ የቆመ እንደ ሆነ፣ አውቶሞቢሉ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይነዳ ባትሪው ያረጃል፤ በእርጅና ያጣውም ኃይል አይመለስም።

ስለዚህ አስመጪው፣ አውቶሞቢሉ ሲጫን ባትሪው እስከ ግማሽ ያህል ብቻ እንዲሞላ ከላኪው ጋር ይዋዋል፤ ወደብ ሲደርስም ሳይውል ሳያድር ያንሣው። መቆየቱ ግድ ከሆነ ጥላ ይፈልግለት፤ ፈጽሞ ባዶ መሆኑም ይጎዳዋልና በየጊዜው ያስመርምረው።

ሻጩም በድሬዳዋ፣ በሰመራ ወይም በጋምቤላ ለሚኖር ገዢ የሚከተለውን ያስረዳ፦

1ኛ/ ባትሪው ከረጅም ጉዞ በኋላ ጥቂት ከበረደ ወዲያ፣ በተለይም በሌሊት ይሞላ፤

2ኛ/ የፋብሪካው መመሪያ ሌላ ካላዘዘ በቀር ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ይበቃል፤

3ኛ/ የጎማው ነፋስ ጎማው ሳይግል በማለዳ ይለካ።

በዓመቱ የአውቶሞቢሉ ጉዞ ያጠረበት ገዢ የሚወቅሰው ፀሐዩን ሳይሆን የሸጠለትን ነጋዴ ነው።