ለሥራ የሚሆን ዕቃ፦ በሊዝ ወይስ በብድር?

በሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት ሊከፍት የተዘጋጀም ሆነ በዳላስ የጭነት መኪና ሊገዛ ያሰበ ኢትዮጵያዊ፣ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ኪሱን የሚፈትነው የዕቃው ወጪ ነው። ምድጃ፣ ትልልቅ ፍሪጅ፣ የቡና ማሽን ወይም መኪና በአንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ጥቂት ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ "በወር ይህን ያህል ብቻ" የሚል ወረቀት ያቀርባል። ወረቀቱ ብድር ሊሆን ይችላል፤ ሊዝም ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ሊዝ ተብሎ ሥራው ብድር የሆነም ሞልቷል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በአሜሪካ ያለውን አሠራር የተከተለ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ወርሃዊ ክፍያውን ከመመዘናችሁ በፊት፣ ውሉ ሲያልቅ ዕቃው የማን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። የቀረው ስሌት ሁሉ ከዚያ ይጀምራል።

ሦስቱ የውል ዓይነቶች

ብድር፦ ዕቃው ከመጀመሪያው ቀን የእናንተ ነው። አበዳሪው ግን በዕቃው ላይ መያዣ ይይዛል፤ "ዩሲሲ ዋን" በሚባል ማስታወቂያም በስቴቱ መዝገብ ያስመዘግበዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል።

የአንድ ዶላር ሊዝ፦ በየወሩ ከፍላችሁ ስትጨርሱ ዕቃውን በ1 ዶላር ትወስዱታላችሁ። ወረቀቱ ኪራይ ይበለው እንጂ ሕጉም ሆነ የታክስ መሥሪያ ቤቱ እንደ ዱቤ ሽያጭ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ከብድር ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በወለዱ መዝኑት።

የገበያ ዋጋ ሊዝ፦ እውነተኛው ኪራይ ይህ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ዕቃውን ትመልሳላችሁ፣ ኪራዩን ታድሳላችሁ፣ ወይም በዚያን ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ትገዙታላችሁ። ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ የሚለው አከራዩ ዕቃው መጨረሻ ላይ የሚኖረውን ዋጋ ለራሱ ስላስቀረ ነው።

በቁጥር ሲታይ

20,000 ዶላር የሚያወጣ የወጥ ቤት ዕቃ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ የእናንተ እንደ ክሬዲታችሁና እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል።

በብድር 2,000 ዶላር አስቀድማችሁ ከፍላችሁ 18,000ውን በ10 በመቶ ወለድ ለ60 ወር ብትወስዱ፣ ክፍያው በወር 382 ዶላር ገደማ ይሆናል። ቅድሚያውን ጨምሮ በአምስት ዓመት የሚወጣው ወደ 24,950 ዶላር ነው።

በአንድ ዶላር ሊዝ ያለ ቅድሚያ ክፍያ በወር 480 ዶላር ቢባል ጠቅላላው 28,800 ዶላር ይደርሳል። ወረቀቱ ወለድ የሚል ቃል ላይኖረው ይችላል፤ ክፍያው ሲሰላ ግን በዓመት 15.4 በመቶ ወለድ ማለት ነው።

በገበያ ዋጋ ሊዝ በወር 370 ዶላር ቢሆን ጠቅላላው 22,200 ዶላር ነው። ከሦስቱ ርካሹ ይመስላል። ዕቃውን ለማስቀረት መጨረሻ ላይ 4,000 ዶላር ብትጠየቁ ግን 26,200 ይሆናል። በብድር የገዛው ሰው ያንኑ ዕቃ በ4,000 ዶላር ቢሸጠው ደግሞ የእሱ የተጣራ ወጪ ወደ 20,950 ዶላር ይወርዳል።

ይህ ማለት ብድር ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። አዲስ የተከፈተ ምግብ ቤት በመጀመሪያዎቹ ወራት ለደመወዝና ለኪራይ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ካጣ፣ 2,000 ዶላሩ በእጅ መቆየቱ ከወለዱ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ዋናው ነገር ለዚያ እፎይታ ስንት እየከፈላችሁ እንደሆነ ማወቅ ነው። አበዳሪውን ወይም አከራዩን "ዓመታዊ የወለድ ምጣኔው፣ ማለትም ኤፒአሩ ስንት ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለግል ብድር ይህን እንዲገልጹ የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ ለንግድ ብድር አይሠራም። ካሊፎርኒያ ከዲሴምበር 2022፣ ኒው ዮርክ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለብዙ የንግድ ፋይናንስ ዓይነቶች እንዲገለጽ አስገድደዋል። በሌላ ስቴት ያለ ሰው ራሱ መጠየቅ፣ መልስ ካላገኘም ክፍያውን ለአካውንታንት አሳይቶ ማስላት አለበት።

የትኛው ዕቃ ለየትኛው?

መለኪያው የዕቃው ዕድሜ ነው። ምድጃ፣ የማይዝግ ብረት ጠረጴዛና መደርደሪያ በደንብ ከተያዙ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ እነዚህን መግዛት ያዋጣል። ብዙ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ ያገለገለ ዕቃ በጨረታ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ይገኛል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ደግሞ ዕቁብ የደረሰው ሰው ሊዝም ብድርም ላያስፈልገው ይችላል። ነገር ግን ዕቃው ለንግድ ወጥ ቤት የተሠራና ኤንኤስኤፍ የሚባለው የንጽሕና ደረጃ ምልክት ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ለቤት ተብሎ የተሠራ ፍሪጅ ወይም ምጣድ የጤና ተቆጣጣሪው ላያሳልፈው ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የካውንቲውን ጤና ቢሮ ጠይቁ።

ቶሎ የሚያረጅ፣ ጥገና የሚበዛበት ወይም ቴክኖሎጂው በየጊዜው የሚቀያየር ዕቃ ለኪራይ ይመቻል። የሳህን ማጠቢያና የበረዶ ማሽን ከነጥገናቸው የሚያከራዩ አሉ፤ ማሽኑ ሲቆም ወጪው የአከራዩ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያው ትርጉም አለው። ጥገናው በእናንተ ላይ ከወደቀ ግን ከኪራይ የሚገኘው ዋነኛ ጥቅም ጠፋ ማለት ነው።

ከሕንፃው ጋር የሚጣበቀውን ለይታችሁ ተመልከቱት። የጭስ መሳቢያው፣ ከላይ የሚገጠመው የእሳት ማጥፊያና የቧንቧ ሥራው ስትለቁ የቤቱ ባለቤት ንብረት ሆኖ ሊቀር ይችላል። የቤቱ ኪራይ ውል 3 ዓመት ብቻ ቀርቶት ለዕቃ የ5 ዓመት ዕዳ መግባት፣ በሌለ ምግብ ቤት ስም ለሁለት ዓመት መክፈልን ሊያስከትል ይችላል።

ከመፈረም በፊት የሚፈተሹ አንቀጾች

የመጀመሪያው የመሰረዝ ጉዳይ ነው፤ የንግድ ሊዝ ብዙውን ጊዜ አይሰረዝም። ዕቃው ቢበላሽም፣ ሥራው ቢቆምም፣ ክፍያው ይቀጥላል። አከራዩ ገንዘብ አቅራቢ ብቻ ስለሆነ የተበላሸውን የምትጠይቁት አምራቹን ወይም ሻጩን ነው። ግዴታው የሚጸናውም "ዕቃውን ተረክቤያለሁ፣ በደንብ ይሠራል" የሚለውን ወረቀት ስትፈርሙ ነው። ስለዚህ ዕቃው ተገጥሞ፣ ተሞክሮ፣ ሠርቶ ሳታዩ አትፈርሙ፤ በስልክ ደውለው "ደርሶዎታል?" ሲሉም "አዎ" አትበሉ።

ሁለተኛው የግል ዋስትና ነው። ኤልኤልሲ አቋቁሜያለሁና ቤቴና ቁጠባዬ አይነካም ብላችሁ አትዘናጉ፤ አዲስ ድርጅት ሲሆን ባለቤቱ በግሉ ዋስ ሆኖ እንዲፈርም ይጠየቃል። ዘመድ ወይም ጓደኛ "እስቲ አብረኸኝ ፈርም" ሲል ደግሞ ይሉኝታ ይይዘናል። አብሮ የፈረመ ሰው ለአንድ ወር ሳይሆን ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ነው።

ሦስተኛው ራሱን የሚያድስ አንቀጽ ነው። ውሉ ከማለቁ በፊት በጽሑፍ ካላሳወቃችሁ ለተጨማሪ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ይቀጥላል። የማሳወቂያው ቀን ገደብ ከ90 ቀን በፊትም ሊሆን ስለሚችል ውሉን በፈረማችሁበት ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

አራተኛው የመያዣው ስፋት ነው። መያዣው በአንድ ምድጃ ላይ ነው ወይስ በድርጅቱ ንብረት ሁሉ? ሁሉን ያቀፈ ከሆነ ነገ ሌላ ብድር ስትጠይቁ ቀጣዩ አበዳሪ ያፈገፍጋል። ምዝገባው ካልተሰረዘ 5 ዓመት ይቆያል። ዕዳውን ስትጨርሱ እንዲሰረዝ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥያቄው በደረሰው በ20 ቀን ውስጥ አበዳሪው ማድረግ አለበት።

ከእነዚህ ሌላ የኢንሹራንስ፣ የሰነድና ዕቃ የመመለሻ ማጓጓዣ ወጪዎችን ጠይቁ። እንደ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ባሉ ስቴቶች በንግድ ዕቃ ላይ የንብረት ታክስ አለ፤ አከራዩ ከፍሎ ወደ እናንተ ሊያዞረው ይችላል።

ወረቀቱን ያመጣው ደላላ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆንም ኮሚሽኑን የሚያገኘው ስትፈርሙ ነው። የአገር ልጅነቱ ውሉን አይለውጠውም። "ወስጄ ላንብበው" ማለት ነውር የለበትም።

ታክሱ

በእውነተኛ ኪራይ የምትከፍሉት በየዓመቱ እንደ ወጪ ይያዛል። በብድር ወይም በአንድ ዶላር ሊዝ ከሆነ ግን ለታክስ ዓላማ ባለቤቱ እናንተ ስለሆናችሁ የዕቃውን ዋጋ እንደ እርጅና ተቀናሽ፣ ወለዱን ደግሞ ለብቻው ትቀንሳላችሁ። ሴክሽን 179 በሚባለው ሕግ ዕቃው ሥራ በጀመረበት ዓመት ሙሉ ዋጋውን መቀነስ ይቻላል፤ ገና ቅድሚያ ክፍያ ብቻ የከፈላችሁ ብትሆኑም። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ የሴክሽን 179ን ጣሪያ ለ2025 ወደ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍ አድርጎታል፤ ከጃንዋሪ 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ ብቁ ዕቃም የ100 በመቶ ቅናሽን መልሷል።

ሻጮች ይህን ይዘው "መንግሥት ይከፍልልሃል" ይላሉ። ቅናሹ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚነሳ ነው እንጂ ገንዘብ የሚመልስ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ያላገኘ ድርጅት ብዙ አይጠቀምበትም፤ በሴክሽን 179 የተቀነሰ ዕቃ ለሥራ የሚውልበት ጊዜ ወደ 50 በመቶ ወይም በታች ከወረደ ደግሞ ከተቀነሰው ላይ ታክስ እንድትመልሱ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

ሁለት ጥንቃቄ የሚሹ ውሎች

የጭነት መኪና "ሊዝ ፐርቸስ"፦ የትራንስፖርት ድርጅቱ መኪናውንም ጭነቱንም ይሰጣል፤ ክፍያውን ከሳምንት ገቢያችሁ ይቆርጣል። ጭነት ሲቀንስ ክፍያው አይቀንስም፤ ድርጅቱን ስትለቁ መኪናውም የከፈላችሁትም ሊቀር ይችላል። በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ የተቋቋመው የፌዴራል የጭነት መኪና ሊዝ ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ሪፖርቱ እነዚህ ፕሮግራሞች እንዲታገዱ ለኮንግረስ ሐሳብ አቅርቧል። ጭነት ከሚሰጣችሁ ድርጅት ውጭ ከባንክ ወይም ከክሬዲት ዩኒየን በሚገኝ ብድር መግዛት፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አስቀምጦ መጀመር ይሻላል።

የካርድ ማሽን፦ ጥቂት መቶ ዶላር ብቻ የሚያወጣ ማሽን በወር 50 ዶላር ለ48 ወር ቢከራይ 2,400 ዶላር ይሆናል፤ ውሉም አይሰረዝም። ከካርድ አገልግሎቱ ብትወጡ እንኳ የማሽኑ ኪራይ በሌላ ድርጅት ስም ይቀጥላል። ማሽኑን ግዙት፣ ወይም በወር በወር የሚቋረጥ አገልግሎት ፈልጉ።

ብድሩ ከየት ይገኛል?

ሻጩ ያመጣውን ወረቀት ብቻ አትመልከቱ። ኤስቢኤ የሚባለው የፌዴራሉ የአነስተኛ ንግድ መሥሪያ ቤት ማይክሮ ብድር እስከ 50,000 ዶላር ድረስ በአካባቢ ድርጅቶች በኩል ይሰጣል፤ ለዕቃ መግዣም ይውላል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ በአርሊንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ልማት ካውንስል ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ በሚባለው ክፍሉ ለአነስተኛ ንግዶች ያበድራል። ኤስቢኤ ከ2025 ጀምሮ የባለቤቶችን ዜግነትና የመኖሪያ ሁኔታ በሚመለከት ደንቡን ስላጠበቀ፣ የድርጅቱ ባለድርሻዎች ሁሉ ያሟሉ እንደሆነ ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ። ስኮርና ኤስቢዲሲ የሚባሉት ደግሞ ውሉን አብሯችሁ የሚያነብ አማካሪ በነፃ ያገናኟችኋል።

ቅድሚያ ክፍያው ከዕቁብ የመጣ ከሆነ ገንዘቡን ጥቂት ወራት ቀድማችሁ ባንክ አስገቡት፤ የአባላቱን ዝርዝርና የተከፈለበትን ማስረጃም ያዙ። አበዳሪው በድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል።

ከወለድ መራቅ የሚፈልግ ሙስሊም ነጋዴ ተራ ሊዝን ያለ ወለድ አድርጎ እንዳይቆጥረው፤ የአንድ ዶላሩ ሊዝ ወለዱን በውስጡ ይዟል። በኢጃራ (በኪራይ) ወይም በሙራባሃ (በታወቀ ትርፍ ሽያጭ) የሚሠሩ ተቋማትን ፈልጎ ውሉን ለሚያምነው አዋቂ ማሳየት ይበጀዋል።

ስትወስኑ

ቢያንስ ሁለት ዋጋ ተቀበሉ፤ አንዱ ከሻጩ ውጭ ይሁን። ለእያንዳንዱ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ፣ ዕቃው መጨረሻ ላይ የማን እንደሚሆን፣ ሲበላሽ የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ሥራው በሁለተኛው ዓመት ቢቆም የሚቀረው ዕዳ። አራተኛውን ቁጥር አይታችሁ "ይህንን እችላለሁ" ማለት ካልቻላችሁ፣ ያገለገለ ዕቃ ገዝታችሁ በትንሹ ጀምሩ።