ጄት ጀልባ፦ ጋዝ ሲለቀቅ መሪው ለምን አይታዘዝም?

ጥያቄ፦ የለመድኩት ፕሮፔለር ያለው ጀልባ ነው። አሁን ጄት ጀልባ ልነዳ ነውና ከምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ሲደነግጡ ጋዝ ከመልቀቅ! ፓምፑ ከጀልባው ሆድ ሥር ውኃ እየሳበ በኋላ በኩል በኃይል ይተፋዋል፤ መሪው የሚያዞረው ይህንኑ የውኃ ግፊት ነው። ግፊቱ ከቆመ መሪውን ቢጠመዝዙትም ጀልባው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከፊትዎ ቋጥኝ ካዩ መሪውን ያዙሩ፤ ለመታጠፍ የሚበቃ ጋዝም ይስጡ። ይህን መጀመሪያ ሰፊና ጥልቅ ውኃ ላይ ደጋግመው ይለማመዱት፤ እጅ እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል።

የኒውዚላንዱ ቢል ሃሚልተን በ1950ዎቹ ይህን ጀልባ ያዳበረው ጥልቀት ለሌላቸው ወንዞች ነበር። ሆኖም ጀልባው ፍጥነት ሲቀንስ ወደ ውኃው ዝቅ ይላል፤ ፓምፑም ጠጠር ይስባል። ጠጠራማ ቦታ ላይ ሞተር አያስነሡ፤ ጥልቅ እስኪሆን ገፍተው ያስገቡት።

የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ሰውነትዎ ላይ ሳያስሩ አይነሡ።