በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚሆን የትንፋሽ መቋረጥና እየቈየ ስለሚያመጣው ጕዳት

እንቅልፍ ለሥጋ ዕረፍት ነው። ቀን የደከመ ጕልበት በሌሊት ይታደሳል፤ ልብ ቀስ ብሎ ይመታል፤ የደም ግፊትም ዝቅ ይላል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ሳያርፍ የሚነሣ ሰው አለ። ምክንያቱን እርሱ ራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የተኛው ነው። ይህ ትምህርት የዚህን ሰው ሕማም ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

፩ኛ፤ የሕማሙ ጠባይ

ሰው ሲተኛ የጕሮሮው ጡንቻ ይላላል። በብዙ ሰው ዘንድ የአየር መተላለፊያው ጠበብ ቢልም ክፍት ሆኖ ያድራል። በአንዳንዱ ግን ምላሱና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ወድቀው መንገዱን ይዘጉታል። ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፥ አየር ግን አይገባም። ትንፋሹ ቢያንስ 10 ሰኮንድ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ እጅግ የበለጠ ይቋረጣል፤ በደሙ ውስጥ ያለውም ኦክሲጅን ይቀንሳል። ያን ጊዜ አንጎል ሰውየውን በጥቂቱ ያነቃዋል፤ ጕሮሮው ይከፈታል፤ በብርቱ ድምፅ ተንፍሶ ተመልሶ ይተኛል። ጧት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም።

ይህን ሕማም ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። አፕኒያ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ትንፋሽ ማጣት ማለት ነው። ትንፋሽ የተቋረጠበትና እጅግ ያነሰበት ጊዜ በአንድነት ሲቈጠር፥ በ1 ሰዓት ከ5 እስከ 15 ቢሆን ቀላል፥ ከ15 እስከ 30 ቢሆን መካከለኛ፥ 30ና ከዚያ በላይ ቢሆን ብርቱ ይባላል። እንግዲህ ብርቱ ሕማም ያለበት ሰው 7 ሰዓት ቢተኛ፥ ቢያንስ 210 ጊዜ ትንፋሽ ሲያጥረው ያድራል ማለት ነው።

፪ኛ፤ ሕማሙ እንዴት እንደ ታወቀ

ቻርልስ ዲክንስ የተባለው የእንግሊዝ ደራሲ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1836 መታተም በጀመረው መጽሐፉ ውስጥ፥ እጅግ ወፍራም የሆነና ሥራ ላይ ሳለ እንኳ የሚያንቀላፋ ጆ የሚባል ልጅ አለ። በ1956 የአሜሪካ ሐኪሞች ውፍረትና የማይገታ እንቅልፍ ያለበትን ሕማም በዚሁ መጽሐፍ ስም ጠሩት። በ1965 የፈረንሳይና የጀርመን ሊቃውንት የተኙ ሰዎችን በመሣሪያ መርምረው፥ ትንፋሻቸው ደጋግሞ እንደሚቋረጥ አስታወቁ። በዚያ ዘመን ሕማሙ የበረታበትን ሰው ማዳን የሚቻለው አንገቱን በስቶ መተንፈሻ በማበጀት ነበር። በ1981 ግን ኮሊን ሰሊቫን የተባለው የአውስትራሊያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ፥ አየር በአፍንጫ በኩል በግፊት እያስገባ ጕሮሮው እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ለዓለም አሳወቀ።

፫ኛ፤ እየቈየ የሚያመጣው ጕዳት

ትንፋሽ በተቋረጠ ቍጥር ሥጋ እንደሚታነቅ ሰው ይደነግጣል፤ የደም ሥሮች ይጨማደዳሉ፤ ልብም ይቸኵላል። ይህ በየሌሊቱ ለዓመታት ሲደጋገም የደም ግፊቱ ቀንም ከፍ ብሎ ይቀራል። በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን በ1988 የተጀመረ ምርመራ አለ። በ2000 በወጣው ውጤቱ፥ በ1 ሰዓት 15 ጊዜና ከዚያ በላይ ትንፋሻቸው የሚታወክ ሰዎች፥ ከ4 ዓመት በኋላ የደም ግፊት ሕማም የማግኘታቸው ዕድል ከጤነኞቹ 3 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2008 በወጣው ደግሞ፥ ሰዎቹ 18 ዓመት ከተጠበቁ በኋላ፥ ብርቱ ሕማም በነበረባቸው ዘንድ የሞት አደጋ 3 እጥፍ ያህል ነበር። ሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ወፍራሞች ስለ ሆኑ ጠንቁ ከውፍረት ብቻ የመጣ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የውፍረትና የዕድሜ ልዩነት ከታሰበ በኋላም ጕዳቱ ጎልቶ ታይቷል።

ከደም ግፊት ሌላ የልብ አመታት መዛባትና የልብ ድካም፥ እጅና እግርን የሚያሰንፍ የአንጎል ደም ሥር ሕማም፥ የስኳር ሕማምም በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ይበዛሉ። አእምሮም ይጐዳል፤ ሰውየው ይረሳል፥ ይቈጣል፥ ያዝናል። መኪና የሚነዳ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ማንቀላፋቱ ለራሱም ለተሳፋሪውም ሞት ሊሆን ይችላል።

፬ኛ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር

ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት የሚመስለው ብዙ ነው። የሚያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ ነገር ግን ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ፥ ጥቂት ቈይቶ በብርቱ ትንፋሽ የሚቀጥል ከሆነ ሊታሰብበት ይገባል። ሰው በሌሊት ታፍኖ ሲነቃ ዱካክ ተጫነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በሸንጎ ተቀምጦ የሚያንቀላፋውንም ሰነፍ ብሎ መንቀፍ የተለመደ ነው። ሰነፍ የተባለው ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ትንፋሹ ሲታገል ያደረ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ የሕማሙ ምስክር ሚስት ሆና ሳለ ባሏን ያዋረደች እንዳይመስልባት ዝም ማለቷ ነው። ሴትም በዚሁ ሕማም ትያዛለች፥ ይልቁንም የወር አበባዋ ከተቋረጠ በኋላ፤ ባልም ስለ ሚስቱ መመስከር ይገባዋል። የሰሙትን ለሐኪም መንገር ነውር እንዳልሆነ ሽማግሌዎች በየቤቱ ቢያስረዱ፥ ብዙ ሰው ሳይቀደም ይረዳል።

፭ኛ፤ ሊደረግ የሚገባው

የተጠረጠረ ሰው አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደም ግፊቱን ያስለካ፤ ያየውንና ቤተ ሰቡ የሰማውን ሁሉ ይናገር። ወፍራም ከሆነ ክብደቱን ይቀንስ፤ ከክብደቱ ከመቶ 10 እጅ የቀነሰ ሰው የትንፋሹ መታወክ በሩብ ያህል እንደሚቀንስለት ከዊስኮንሲን ምርመራ ታውቋል። ሆኖም መንጋጋው ትንሽ የሆነ ወይም እንጥሉ አጠገብ ያሉት ዕጢዎች ያበጡበት ቀጭን ሰውም በዚህ ሕማም ይያዛልና፥ ቀጭን ነኝ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በጀርባ ከመተኛት በጎን መተኛት ለብዙዎች ይሻላል። አረቄና ጠላ የጕሮሮን ጡንቻ ያላላሉና ወደ መኝታ ሲቃረቡ መጠጣት አይገባም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ መድኃኒት መውሰድም እንዲሁ። የአየሩ መሣሪያ የቀን እንቅልፍን ያስወግዳል፥ የደም ግፊትንም በመጠኑ ያወርዳል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግና ዋጋው ስለሚከብድ በየገጠሩ ለማግኘት አይቀልም። መሣሪያውን ያገኘ ሰውም የታዘዘለትን የደም ግፊት መድኃኒት ሊተው አይገባውም።

ለመልመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

፩፤ ሰው ሲተኛ ጕሮሮው የሚዘጋው ስለ ምንድን ነው?
፪፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው እንዴት ነው?
፫፤ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋን ሰው ሰነፍ ከማለት አስቀድሞ ቤተ ሰቡን ምን መጠየቅ ይገባል?