ስለ ውሃ መዥገርና ስለ መጠጥ ውሃ አያያዝ



ከኩሬ ወይም ካልተከደነ ምንጭ የቀዳችሁትን ውሃ በነጭ ሳህን ላይ ብታፈሱት፣ አንዳንድ ጊዜ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ስትሮጥ ታያላችሁ። ልጆች «ደም ናት» ይላሉ፤ ጎረቤት «የአልቅት ልጅ ናት» ትላለች። አንዳንዷም እናት ያንን ውሃ ትደፋና ቀይ ነገር የሌለበትን ሌላ ውሃ «ይኸስ ንጹሕ ነው» ብላ ሳታፈላ ለሕፃኗ ታጠጣለች። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ነጥቧ ምን እንደ ሆነች፣ ለቤታችንም ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

፩ኛ፤ ነጥቧ ምንድን ናት?

በከብት ላይ የሚጣበቀው መዥገር ዘመድ ስለ ሆነች የውሃ መዥገር እንላታለን። ስታድግ እንደ መዥገርና እንደ ሸረሪት 8 እግር አላት። በዓለም ላይ ከ6000 የሚበልጡ ዓይነቶች ታውቀዋል። ብዙዎቹ ቀይ ናቸው፤ አረንጓዴና ቡናማም አሉ።

፪ኛ፤ ኑሮዋ እንዴት ነው?

ከእንቁላል ስትወጣ እግሯ 6 ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ኑሮዋ በሌላው ላይ ነው። ትንኝ በውሃ ውስጥ አድጋ፣ ክንፍ አውጥታ ልትበር ስትል፣ ትንሿ መዥገር ትጣበቅባታለች። ቆዳዋን ወግታ የሰውነቷን ፈሳሽ እየመጠጠች አብራት ትበራለች። ትንኟ እንቁላል ልትጥል ወደ ውሃ ስትመለስ፣ መዥገሯ ጠግባ ትወርዳለች። ካደገች በኋላ ግን የነፍሳትን እንቁላልና ትንንሽ የውሃ ፍጥረቶችን እያደነች ትበላለች። ስለ ወባ የሚመራመሩ ሰዎች መዥገር የተጣበቀባት ትንኝ ሲያገኙ፣ ትንኟ ገና ወጣት እንደ ሆነች ይገምታሉ።

፫ኛ፤ ሰውን ትጎዳለች ወይ?

አትጎዳም። የሰው ደም አትመጥም፤ በሽታም አታስተላልፍም። ትንኝን ታዳክማለች፤ ነገር ግን ወባን አታጠፋልንምና «እሷ ትበቃናለች» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ይሁን እንጂ መዥገሯ መኖሯ ውሃው ያልተከደነና ነፍሳት የሚራቡበት መሆኑን ይነግረናል። አለመኖሯ ደግሞ ውሃውን ንጹሕ አያሰኘውም። እንዲያውም ብዙዎቹ ዓይነቶች ቆሻሻ የበዛበት ውሃ አይስማማቸውም። ሕፃናትን የሚገድለውን ተቅማጥ የሚያመጡት ተሐዋስያን በዓይን አይታዩም፤ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥም ይኖራሉ።

በኩሬ የምትኖር ሌላ ነቁጥ የምታህል ፍጥረት ግን የጊኒ ትልን እጭ ትሸከማለች። ሰው ከውሃው ጋር ሲውጣት፣ ከ1 ዓመት ገደማ በኋላ ረጅም ትል ብዙ ጊዜ በእግሩ ቆዳ በኩል እያሠቃየው ይወጣል። በአገራችን ይህ በሽታ በጋምቤላ በኩል ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይታመሙበት ነበር። ክትባትም ሆነ የሚያድን መድኃኒት ሳይኖረው ሊጠፋ የተቃረበው፣ ሰዎች ውሃን በጨርቅ ማጣራት ስለ ለመዱና ትል የወጣበት ሰው ወደ ኩሬ እንዳይገባ ስለ ተደረገ ነው። እንግዲህ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ምን ያህል እንደምትሠራ ተመልከቱ።

፬ኛ፤ በቤታችን ምን እናድርግ?

1. የሚቻል ከሆነ ከቦኖ፣ ከተከደነ ጉድጓድ ወይም ከተጠበቀ ምንጭ እንቅዳ።

2. የኩሬ ውሃ ከሆነ ንጹሕና ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ጨርቅ አጥፈን በእንስራው አፍ ላይ አስረን እናጣራ። መዥገርና አልቅት እዚያ ይቀራሉ። በዓይን የማይታየው ግን ያልፋልና ማጣራት ብቻውን አይበቃም።

3. ያጣራነውን ውሃ እናፍላ። ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ፤ በደጋ ውሃ የሚፈላው በአነስተኛ ሙቀት ነውና። ማገዶ ካጠረ እንደ ውሃ አጋር ያለውን የውሃ ማከሚያ በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው መጠቀም ይቻላል። ያልገባንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን እንጠይቅ።

4. የፈላውን ውሃ አፉ ጠባብ በሆነ ዕቃ እንክደነው። ቅል ወይም ጣሳ አንንከርበት፤ አዘንብለን እንቅዳ።

5. ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ እስክትበር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል። ስለዚህ በደጅ የተቀመጠ የውሃ ዕቃ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን ተደፍቶ ይታጠብ። የከብት ኮቴ የቆፈረውና ውሃ ያቆረው ጉድጓድ በአፈር ይደፈን። ወባ ባለበት አገር ሌሊቱን በአጎበር ውስጥ እንተኛ።

6. ቀይዋን ነጥብ ለመግደል ተብሎ የሰብል መድኃኒት ወይም ላምባ በምንጭ ውስጥ ፈጽሞ አይፍሰስ። ነጥቧ የማትጎዳን ስትሆን መርዙ ግን ቤተሰብንም ከብትንም ይጎዳል።

ማታ በምድጃ ዙሪያ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፦

ሀ. ቀይ ነጥብ የሌለበት ውሃ ሳይፈላ ይጠጣል ወይ? ስለ ምን?
ለ. ጨርቁ ምን ያስቀራል? ምንስ ያሳልፋል?
ሐ. የእኛ እንስራ ዛሬ ተከድኗል ወይ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ልጁ ተነሥቶ አይቶ ይመልስ።