ስክራይበስ ውስጥ የአማርኛ ሎጎ ሳጥን ሲሆንባችሁ

በኢንክስኬፕ የሠራችሁት ሎጎ ስክራይበስ ውስጥ ሲገባ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆነ? ፋይሉ አልተበላሸም። ኤስቪጂ በተለምዶ የሚይዘው የፊደላቱን ኮድና የፎንቱን ስም እንጂ ቅርጻቸውን አይደለም። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ሌላ ይተካል፤ ተተኪው የግዕዝ ፊደል ከሌለው ሳጥን ይመጣል።

መጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ አስቀሩ። ከዚያ ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉን መርጣችሁ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይለወጣል፣ ፎንትም አይፈልግም። ግን ከዚህ በኋላ እንደ ጽሑፍ አይታረምም። እኔ ቅጂ ሳላስቀር በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የሙሽራዋን ስም አንድ ፊደል ለማረም ሁሉንም እንደገና ሠርቻለሁ።

ብዥ ያለ ጥላ ካለው ይህ አይበቃም፤ ስክራይበስ የኤስቪጂ ፊልተር አያነብም። ጥላውን ለብቻው በ300 ዲፒአይ ፒኤንጂ አውጥታችሁ ከሎጎው ሥር አስገቡት።