የመኪና የፊት ጎማ ኩሽኔታ ለመለወጥ ምን ዓይነት መሣሪያ እንምረጥ?

ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱ መሣሪያ እንዳለው ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም። በማጭድ እንጨት አይፈለጥም፤ በምሳር ስንዴ አይታጨድም። የመኪና ሥራም እንደዚሁ ነው። በዚህ ምዕራፍ ስለ መኪና የፊት ጎማ ኩሽኔታና እሱን ለመለወጥ ስለሚያስፈልጉት መሣሪያዎች እንማራለን።

«እኛ በሬ እንጂ መኪና የለን፤ ይኼ ምን ያደርግልናል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የጃማን ስንዴና ምስር ወደ ገበያ የሚያወጣው መኪና ነው። በሽተኛ ከደጎሎ ወይም ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ሲላክ የሚሄደው በመኪና ነው። ከደጎሎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ወደ ወንጪት ሸለቆ ይወርዳል፤ ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚያሻግረውም ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በእነዚህ ቁልቁለቶች ላይ ሰው የተሳፈረበት መኪና የፊት ጎማው ቢወልቅ ምን እንደሚከተል እናንተው ታውቁታላችሁ። ከዚህም ሌላ፣ ከገበሬ ልጆች መካከል በሬ ሸጦ የመፍቻ ዕቃ በመግዛት በከተማ ዳር ትንሽ የጥገና ቤት ለመክፈት የሚያስብ አለ። ያ ገንዘብ በከንቱ እንዳይጠፋ መሣሪያ መምረጥን ማወቅ አለበት። ይህን ትምህርት የጻፍነው በተለይ ለእሱና ለአባቱ ነው፤ በሬው የአባቱ ነውና።

ኩሽኔታ ምንድን ነው? ከባድ ግንድ መሬት ለመሬት ሲጎተት ያስቸግራል። ከሥሩ ድቡልቡል እንጨቶች ቢነጠፉለት ግን እየተንከባለለ ይሄዳል። ኩሽኔታም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ የብረት ቀለበት አለው፤ ትንሹ በትልቁ ውስጥ ይገባል። በመካከላቸው የብረት ኳሶች ወይም ድቡልቡል ብረቶች ተደርድረው ይንከባለላሉ። በወፍጮ ቤት ሞተር ውስጥም ይኸው ነገር አለ።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ጊዜ መኪናና ጋራዥ በብዛት ገቡ። ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ግራሶ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያው ቋንቋ ናቸው። ወራሪው ተባሮ ሄደ፤ የመፍቻው ስም ግን ቀረ። እኛም አብዛኞቹን የተማርናቸው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሹፌርና ከረዳት አፍ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ የሚመረጠው ኩሽኔታው ታይቶ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለምና። የመጀመሪያው ሾጣጣ የሚባለው ነው። በውስጡ የተደረደሩት ብረቶች ወደ አንድ ጫፍ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። በአንድ ጎማ ውስጥ ሁለት ይገባሉ፤ አንዱ በውጭ፣ አንዱ በውስጥ በኩል። በብዙ የጭነት መኪናዎች፣ በቆዩ ላንድሮቨሮችና በላንድክሩዘር የፊት ጎማ ላይ የሚገኘው ይህ ነው። ሄንሪ ቲምከን የተባለ በአሜሪካ የሚኖር ጋሪ ሠሪ ለሾጣጣ ኩሽኔታ የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ነበር። ጋሪ መንገድ ሲታጠፍ ጭነቱ ወደ ጎን ይገፋል። ሾጣጣው ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚመጣውንም ጫና ይሸከማል። ስለዚህ ዛሬ በላንድክሩዘር ላይ የምናየው ነገር መጀመሪያ የታሰበው ለጋሪ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ግራሶው በውስጡ ታሽጎ የሚመጣ፣ በኃይል ተጨምቆ ወደ ቤቱ የሚገባ ነው። እንደ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ ትናንሽ መኪናዎች ላይ ይገኛል። ሦስተኛው ከጎማው እምብርት ጋር አንድ ሆኖ ተሠርቶ በቡሎን የሚታሰር ነው። ሲበላሽ እንዳለ ፈትቶ ሌላ መተካት ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ ብዙ አንልም። ሥራው ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ኩሽኔታ መበላሸቱን ለማወቅ መሣሪያ አያሻም፤ ጆሮና እጅ ይበቃሉ። መኪናው ሲሄድ ከጎማው በኩል ጉምጉምታ ይሰማል፤ ፍጥነት ሲጨምር ድምፁም ይጨምራል። ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ይላወሳል። በእጅ ሲያዞሩት እንደ ደረቅ ወፍጮ ይፈጫል። ከጉዞ በኋላ የአንዱ ጎማ እምብርት ከሌላው ይልቅ እጅግ ቢግል ይኸም ምልክት ነው። ሲዳስሱት በጥንቃቄ ይሁን፤ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሬው ተሽጧል እንበል። በመጀመሪያ ምን ይገዛ? ብዙ ወጣት የሚሮጠው ወደሚያብረቀርቀው የመፍቻ ሳጥን ነው። እኛ ግን መጀመሪያ መኪናው የሚቆምበት ይገዛ እንላለን። ክሪክ መኪና ያነሣል እንጂ ተሸክሞ አያቆይም። ዘይቱ ከሾለከ ወይም መሬቱ ከተንሸራተተ መኪናው ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለውን ሰው ይጫናል። ስለዚህ ከክሪኩ ጋር ሁለት የብረት መቆሚያ መገዛት አለበት። መቆሚያ ከሌለ ሰፋፊና ጠንካራ የወይራ ጉማጆች ተነባብረው ይቀመጡ። ብሎኬትና ድንጋይ ግን በፍጹም! ብሎኬት ባዶ ሆድ ነው፤ ምንም ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

ክሪክ ሲገዛ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ይነበብ። 2 ቶን ማለት 20 ኩንታል ማንሣት ይችላል ማለት ነው። ጭነት ያለው መኪና ከሆነ አስቀድሞ ጭነቱ ይራገፍ። የሌሎቹ ጎማዎች ፊትና ኋላም በእንጨት ይታገድ። በዋልካ መሬት ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ ከክሪኩ ሥር ሰፊ ሳንቃ ካልተነጠፈ ክሪኩ ራሱ ወደ ጭቃው ይሰምጣል።

ሁለተኛው መፍቻ ነው። በመፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር የዳዶው ስፋት ነው፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። የቶዮታ የጎማ ዳዶ በአብዛኛው 21 ነው። የኮሮላና የቪትዝ የመሐል ዳዶ 30 ነው። ላንድክሩዘር የፊቱ ዘንግ አንድ ወጥ ከሆነ፣ የኩሽኔታው ዳዶ 54 መፍቻ ይፈልጋል። የቆዩ ላንድሮቨሮች ግን በኢንች ተለክተው የተሠሩ ናቸው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር መፍቻ ሲገባበት የገጠመ ይመስላል፤ ጠንከር ብሎ ሲጠመዘዝ ግን ይንሸራተትና ማዕዘኑን ይበላዋል። ማዕዘኑ የተበላ ዳዶ ደግሞ ሥራውን በሦስት እጥፍ ያከብደዋል።

ዳዶውን እንደ ቆብ ከሚሸፍኑት መፍቻዎች ውስጥ ስድስት ማዕዘን ያላቸውና አሥራ ሁለት ማዕዘን ያላቸው አሉ። አሥራ ሁለቱ የተሻለ ይመስላል፤ ቁጥሩ ይበልጣላ! ነገር ግን ዛገው ለተጣበቁ ዳዶዎች ስድስቱ ይሻላል፤ የዳዶውን ጎን አጥብቆ ይይዛልና። እጀታውም ረጅም ይሁን። ድንጋይ በአጭር ዱላና በረጅም አጣና ሲፈነቀል ያለውን ልዩነት ታውቃላችሁ፤ እዚህም ያው ነው።

በብዙ ቦታ የምናየው አንድ መጥፎ ልማድ አለ። የ54 መፍቻ ሲጠፋ መሮ በዳዶው ላይ አሳርፈው በመዶሻ እየመቱ ያዞሩታል። ዳዶው ይፈታል፤ እውነት ነው። ግን የብረት ፍቅፋቂ ይረግፍና አዲሱ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፤ በሚታሰርበትም ጊዜ ምን ያህል እንደጠበቀ ማወቅ አይቻልም። ለዚህ ሥራ ከሚገዙት ሁሉ አንድ ብቻ ይመረጥ ብንባል የምንመርጠው ይህን ትልቅ መፍቻ ነው።

ቀጥሎ መዶሻና የነሐስ ዘንግ ያስፈልጋል። የሾጣጣው ውጭኛ ቀለበት በእምብርቱ ውስጥ ተጣብቆ ስለሚቀር ከወዲያ ማዶ እየመቱ ያስወጡታል፤ አንዴ በአንዱ ጎን፣ አንዴ በሌላው። ቀለበቱ እጅግ ጠንካራ ብረት ነው። ጠንካራ ብረት በጠንካራ ብረት ሲመታ ይሰነጠርና ዓይን ያጠፋል። ነሐስ ግን ለስላሳ ነው፤ እሱ ይጎዳል እንጂ ቀለበቱን አይሰነጥርም። ቢሆንም የዓይን መነጽር ይደረግ። የነሐሱ ዘንግ ጠፍቶ ቀለበቱ በብረት ሲመታ ብናይ ሥራውን አስቁመን ዘንጉን እንፈልጋለን፤ ዓይን በደሴም በአዲስ አበባም አይሸጥም።

አዲሱን ቀለበት ለማስገባት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ አሮጌው ቀለበት ራሱ መሣሪያ ይሆናል። የውጭ ጎኑ በሞረድ ድንጋይ ጥቂት ይሳሳና በአዲሱ ላይ ተደርቦ በዝግታ ይመታል። ካልሳሳ ግን እሱም አብሮ ይጣበቃል። ቀለበቱ ሥፍራው ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ይደድራል።

ለሁለተኛው ዓይነት ኩሽኔታ መጭመቂያ ማሽን ያስፈልጋል። ይህ ዋጋው ውድ ነው፤ ጀማሪ አይግዛው። እምብርቱን የያዘውን ብረት ፈትቶ ማሽኑ ወዳለበት ጋራዥ ወስዶ አስጨምቆ መመለስ ይችላል። እዚያ ሲደርስ ግን ዓይኑን ይክፈት። ኩሽኔታው ወደ ቤቱ ሲገባ መጨመቅ ያለበት በውጭኛው ቀለበት ላይ ነው። በውስጠኛው ከተጨመቀ ግፊቱ በኳሶቹ ያልፋል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ይቆስላል። ይህን ብቻ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡን አይበላም።

ማንበብና መቁጠር የሚጠቅመው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። በኩሽኔታው ጠርዝ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ለምሳሌ 6205 ቢል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 05 ናቸው። 5 ጊዜ 5፣ 25 ነው፤ የቀዳዳው ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሾጣጣው 30205 ም ቀዳዳው እንዲሁ 25 ነው። ይህ ሕግ ከ04 ጀምሮ ላሉት ይሠራል። አንዳንድ የመኪና ኩሽኔታ ግን ፋብሪካው ለብቻው በሰጠው ቁጥር ይጠራል፤ ስለዚህ ቁጥሩን በወረቀት መጻፍ፣ አሮጌውንም አጥቦ ይዞ መሄድ ይበጃል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው «የላንድክሩዘር የፊት ጎማ» ብቻ ቢል የማይገጥም ዕቃ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ቁጥር የያዘ ሰው ግን አይታለልም። የውስጡና የውጩ ቀለበት አብረው ይለወጡ፤ አዲስ በአሮጌ ላይ አይደረግም።

ያገለገለ መሣሪያ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገኛል። ያገለገለ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ጥሩ ያረጀ መፍቻ ከደካማ አዲስ ይበልጣል። ሲገዛ አፉ ይታይ፤ የተከፈተ ወይም የተሰነጠቀ አይወሰድ። ልኩን የሚያውቁት ዳዶ ይዞ ሄዶ ማስገባትና ማወዛወዝ ነው። ቢላወስ ይቅር።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። የታጠፈችውን ማገጃ ሽቦ ለማውጣት ፒንሳ፣ የታጠፈውን ማገጃ ቀለበት ለማቃናት ካቻቪቴ፣ ለማጠቢያ ነጭ ጋዝና ንጹሕ ጨርቅ። ግራሶው ሙቀት የሚችል፣ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ ይሁን፤ በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲግል ሙቀቱ ወደ እምብርቱ ይተላለፋል፤ ተራ ግራሶ ቀልጦ ይፈሳል። አሮጌና አዲስ ግራሶ አይቀላቀል። ግራሶውን የሚጠብቀው የጎማ ቀለበትም አብሮ ይለወጥ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጭቃና ውሃ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው። በነፋስ ቀን፣ በአውድማ አጠገብ ይህ ሥራ አይሠራ።

ሲታሰርስ? በመጀመሪያ ጎማውን እያዞሩ ዳዶውን ማጥበቅ፣ ከዚያ ማላላት፣ እንደገና በልኩ ማጥበቅ ነው። የጠበቀ ቀንበር የበሬን ጫንቃ ይልጣል፤ የላላም ይወልቃል። የጠበቀ ኩሽኔታ ይቃጠላል፤ የላላ ይላወሳል። በላንድክሩዘር ልኩ የሚታወቀው በባለሞላ ሚዛን ነው፤ ሚዛኑ በጎማ ቡሎን ላይ ታስሮ ይሳባል፤ እምብርቱ መዞር ሲጀምር የሚያሳየው ቁጥር ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ጋር ይመሳከራል። ባለሞላ ሚዛን ደግሞ በገበያችን የታወቀ ዕቃ ነው።

መልመጃ። በኩሽኔታ ላይ 6204 የሚል ቁጥር ቢኖር የቀዳዳው ስፋት ስንት ሚሊ ሜትር ነው? 3 ቶን የሚያነሣ ክሪክ ስንት ኩንታል ያነሣል? አንድ ወጣት ገንዘቡ ለሁለት ዕቃ ብቻ ቢበቃው፣ ደግሞም በአካባቢው የሚሠሩት ላንድክሩዘሮች ቢሆኑ፣ ከመቆሚያ፣ ከመጭመቂያ ማሽን፣ ከ54 መፍቻና ከመሮ የትኞቹን ሁለት ይግዛ? ምክንያቱን ጻፉ።